ወዴት እንውሰደው?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ ቡኢ ይገባል። ቡኢ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ በ1950ዎቹ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር መሥርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ያስጀመሩት ነው። ነጋዴው በእሱ መርካቶ ደርሶ ይመለሳል፤ ተማሪው ይሄድበታል፤ መስቀል ሲደርስ ደግሞ በየከተማው ተበትኖ የከረመው ቤተሰብ ተጠራርቶ አገር ቤት ይገባበታል።

ሌላም ተሳፋሪ አለ። በሁለት ዘመዶቹ መካከል ይቀመጣል፤ አንዳንዴም እጁ በነጠላ ታስሯል። ረዳቱ ከፊት ወንበር ይሰጣቸዋል፤ ሌላው ተሳፋሪ ቀስ ብሎ ይጠጋጋል። ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። አማኑኤል ነዋ።

እንዲህ ላለው ጉዞ ምክር የሚያዘው ቤተሰብ ሲሟላ ነው፤ በጉራጌ ምድር ደግሞ ቤተሰብ የሚሟላው ለመስቀል ነው። ክትፎው ተበልቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ እንግዳው ሲሸኝ የጓዳው ጉዳይ ይነሳል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከሰው አልተቀላቀለም። ብቻውን ያወራል። ሌሊት በር ከፍቶ ይወጣል። ክረምት ላይ ልብሱን ጥሎ ሲሮጥ ጎረቤት ነው የያዘው። አያት ምድረ ከብድ አቦ ጠበል ይግባ ትላለች። አጎት ልክፍት ስለሆነ አዋቂ ይየው ባይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድም አማኑኤል ካልተወሰደ አይሆንም ይላል። እናት ዝም ትላለች፤ እሷ የምትፈራው ስሙን ነው። አንዴ «አማኑኤል የገባ» ከተባለ እኅቶቹን ማን ያገባቸዋል?

በዚህ ምክር ላይ ስሙ ብዙም የማይነሳ ቦታ አለ፤ እዚያው ቡኢ ያለው ጤና ጣቢያ። ሰው ወባ ሲይዘው፣ ሕፃን ሲያስከትብ፣ ሴት ልትወልድ ስትል የሚሄድበት ደጅ ነው። ልጁንም ሊያዩት የሚችሉ ሰዎች እዚያ እንዳሉ ግን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም፤ ቢያውቅም አያምንም። የሚገርመው፣ ሶዶ ወረዳ ይህ ጥያቄ በዝርዝር ከተጠናባቸው የዓለም ገጠሮች አንዷ መሆኗ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የት ይታከም፣ በማን ይታከም፣ ምን ያህል እርዳታ ይበቃዋል የሚለው በዚህች ወረዳና በአካባቢዋ ለዓመታት ተመርምሯል። ውጤቱ በዓለም ታዋቂ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። መስቀል ላይ ለምክር የተቀመጠው ቤተሰብ ጆሮ ግን በቅጡ አልደረሰም።

## መሃሉ ባዶ ሲሆን

አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተለየው ሆስፒታል እርሱ ነበር። በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችን ማፍራት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሙያው ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ስለዚህ በቡኢ ሰው ፊት ለረጅም ዘመን ሁለት አማራጭ ብቻ ነበር፤ ወይ ቤት፣ ወይ አማኑኤል። በመሃል ያለው ባዶ ነበር።

ያ ባዶነት ምን እንዳስከፈለ የታወቀው ከቡኢ ትንሽ ወረድ ብሎ ቡታጅራ ላይ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ የገጠር ጤና ፕሮግራም የየቤቱን ልደትና ሞት ይመዘግብ ነበር። በእሱ ላይ ተመሥርተው ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና የስዊድን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ትልቅ ፍለጋ ጀመሩ። ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን አነጋገሩ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ ሕመም ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ተገኙ። ከእነዚህ መካከል ከዚያ በፊት ለሕመሙ መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ጥናቱ ቆጥሮ አልሄደም፤ ሰዎቹን ለአሥር ዓመት ተከታተላቸው። በፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሊኖሩት ይገባቸው ከነበረው ዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና የሰው እጅም ሌሎቹን ወስደዋል። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የአእምሮ ሕመም አይገድልም፣ ያሰቃያል እንጂ እየተባለ ስንሰማ ኖረናል። ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ሲያስለው የሚሰማው፣ ሲከሳ የሚያየው፣ ትኩሳት ሲይዘው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው የለም። ሕመሙ «ያው የእሱ ነገር» ይባልና ሳንባ ነቀርሳው ሳይታወቅ ይቀራል።

> ቡታጅራ ላይ ከተገኙት የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

## ጥያቄው ወደ ሶዶ መጣ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ሀብት ላነሳቸው አገሮች የሚሆን የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስፔሻሊስት ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች የሚያገለግል መመሪያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አብዛኛው የአእምሮ ሕመም በጠቅላላ ነርስና በጤና መኮንን እጅ ሊታከም ይችላል፤ የሚያስፈልገው አጭር ሥልጠና፣ ጥቂት ዓይነት መድኃኒትና ከጀርባ ሆኖ የሚያማክር ባለሙያ ነው። ድርጅቱ ከዚያ ቀደም ብሎም የእርዳታውን ደረጃዎች በፒራሚድ ሥሎ ነበር። ከሥር ሰፊው ሰው ለራሱና ቤተሰብ ለቤተሰቡ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በላይ የእምነት አባቱ፣ ጎረቤቱና እድሩ አሉ። ከፍ ሲል ጤና ጣቢያው፣ ከእሱ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታሉ ይመጣሉ። ጫፉ ላይ በጣም ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስፈልገው የተኝቶ ሕክምና አለ።

ይህ በእውነተኛ ወረዳ ላይ ይሠራል ወይ? ይህን ለመፈተሽ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ በአምስት አገሮች አንድ የምርምር ፕሮግራም ተከፈተ፤ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ። ከኢትዮጵያ የተመረጠው ሶዶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከሕሙማን ቤተሰቦችና ከአካባቢ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ዕቅድ አወጡ። በወረዳው ባሉት ስምንት ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየመንደሩ ሰው የሚያውቁ ሰዎች ምልክቶቹን ተምረው፣ የጓዳውን ሰው እንዲያገኙና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ተደረገ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ቀበሌው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ናት፤ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ለማስተማር ቤት ለቤት ትዞራለች። ግን በሩ ለምን እንደተዘጋ የምታውቀው፣ «እማማ፣ ያኛው ልጅሽስ የት ሄደ?» ብላ መጠየቅ የምትችለውም እሷ ናት። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ከላይ ያለው ሁሉ፣ ሥልጠናውም መድኃኒቱም፣ የሚሠራበት ሰው አያገኝም።

ከተለዩት ሰዎች አብዛኞቹ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ያልደረሱት በብዛት ከመንገድ የራቁ የገጠር ነዋሪዎችና የአካል ጉዳት ያለባቸው ነበሩ። ቡኢ ላይ ቆሞ ሲታይ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ከደጋው ቀበሌ ለሚመጣ ሰው፣ ያውም መራመድ የማይፈልግን ታማሚ ይዞ ለሚመጣ፣ ቅርብ አይደለም።

## ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ቤተሰብ «የእብድ ሐኪም» ዘንድ እንደሚገባ አስቦ ይመጣል። የሚያገኘው ግን ተራ የጤና ጣቢያ ክፍል ነው። ካርድ ይወጣል፤ ወረፋ ይጠበቃል። ነርሷ፣ ሰው ሁሉ «ሲስተር» የሚላት፣ ከዚህ በፊት ተቅማጥ ወይም የደም ግፊት ያየች ሰው ናት። መጀመሪያ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ ልጁን ብቻውን ታነጋግራለች። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሰው ሳይኖር ድምፅ ይሰማው እንደሆነ፣ የሚያሳድደው ያለ መስሎት እንደሆነ ትጠይቃለች። ጫትና አረቄ ይነሳል። ትኩሳት ትለካለች፤ የወደቀበትና ጭንቅላቱን የተመታበት ጊዜ እንዳለ ታጣራለች። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ መሞት አስቦ ያውቃል ወይ? ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብሎ ይፈራል። አያመጣም። ተጨንቆ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ ይቀለዋል።

እዚህ ላይ ነው ደረጃው የሚለየው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የለም። ልጇን ቀብራ ሦስት ሳምንት ያለቀሰች እናት በሽተኛ አይደለችም፤ ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ለቅሶ ደራሽ፣ የእድር ሴቶች፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ አሏት፤ ክኒን መስጠት ሐዘኗን መቀማት ነው። ያው ሐዘን ወራት አልፎት ከአልጋ አላስነሳ፣ አላስበላ፣ ልጆቿን አላስቀርብ ሲላት ግን ጤና ጣቢያ መታየት አለባት። እዚያ በምክርና በክትትል የሚድን አለ፤ እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት የሚጨመርለትም አለ። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው የሚያሳድደው የሚመስለው ሰው ደግሞ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ይጀመርለታል፤ ክኒን መዋጥ የሚረሳ ወይም የማይፈልግ ከሆነ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ። ይህን ሁሉ ጤና ጣቢያ ይችላል።

የሚጥል በሽታም በዚሁ ክፍል ይታያል፤ ባይሆን ኖሮ ወረዳው ብዙ ያጣ ነበር። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተትና ርቆ መቆም ዛሬም አለ፤ በዚህ ሰበብ ምድጃ ውስጥ ወድቀው የተቃጠሉ ሰዎች በየገበያው ይታያሉ። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ ብዙዎቹን ከመውደቅ ያድናል። በአንድ መድኃኒት ይህን ያህል ሕይወት የሚቀየርበት ሕመም ጥቂት ነው።

ጤና ጣቢያውን የሚያመልጠው ግን አለ፤ ድብርት። የሶዶው ልምድ ካሳየው ደካማ ጎን ዋናው ይህ ነው። ከሥልጠናውም በኋላ ድብርት ይዞት ጤና ጣቢያ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ሳይታወቅ ይመለሳል። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ጠዋት የሕሙማን ማቆያ ወንበር ላይ መቀመጥ ይበቃል። ከፍቶኛል ብሎ የሚገባ የለም። ራሴን ይበጠብጠኛል፣ ጨጓራዬ ይነዳል፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ መገጣጠሚያዬ ሁሉ ደከመ ይባላል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሲስተር የታይፎይድ ምርመራ ታዛለች፤ ሰውየው ክኒን ይዞ ይሄዳል፤ በወሩ ይመለሳል። ስለ ስሜት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ተስፋ የሚጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ በቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ተፈትኗል። ለመሙላት ደቂቃዎች ይበቁታል። እነዚያን ደቂቃዎች የሚሰጥ ሰው ማግኘት ነው የከበደው።

## ምድረ ከብድና መድኃኒቱ

ምድረ ከብድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚሁ ሶዶ ውስጥ ነው። መጋቢት 5 ቀን ከሩቅ ከቅርብ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው። ለሕመምተኛ ቤተሰብ ጠበል ከሕክምና በፊት የሚታሰብ ነው፤ ለሙስሊሙም ቁርኣን ማስቀራትና ዱዓ እንዲሁ። ይህን ድንቁርና ብሎ የሚያልፍ የከተማ ሰው አለ። እኔ አልቀበለውም። ጠበል ላይ ታማሚው በስሙ ይጠራል፤ ሰው ይከበዋል፤ እናቱ ጥፋቷ እንዳልሆነ ይነገራታል፤ ነገ ይሻለዋል የሚል ቃል ታገኛለች። አንድ ጤና ጣቢያ በአሥር ደቂቃ ይህን ሁሉ አይሰጥም።

ጉዳት የሚመጣው ጠበሉ ብቻውን ይበቃል ተብሎ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ወይም ታማሚው ለወራት ታስሮ ሳይበላ ሲቆይ ነው። ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ላይ ታይቷል። የጠበሉ አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው፣ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ የተደረገበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በምርምር መጽሔት ታትሟል። አባቶች «መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» ሲሉ ከየትኛውም ሐኪም ቃል ይልቅ ቤተሰብ ይሰማቸዋል። የሶዶ ጤና ባለሙያዎችና የአካባቢው የእምነት አባቶች በየጊዜው የሚገናኙበት ቋሚ መንገድ ቢኖር፣ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም ነበር።

## ሰንሰለቱ የሚፈታው መቼ ነው?

ሰው የሚያስረው ጨካኝ ስለሆነ ይመስለናል። ዶክተር ላውራ አሸርና ባልደረቦቿ ሶዶ ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ቤተሰቦች ስኪዞፍሬንያ ያለበትን ልጃቸውን ለምን እንደሚያስሩ ጠይቀዋል። የተገኘው መልስ ሐዘን ነው። እንዳይጠፋ፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ሰው እንዳይደበድበው፣ ሐኪም ቤት እስኪደርስ እንዳያመልጥ፣ እናት እርሻ ወይም ገበያ ስትሄድ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ያስሩታል። ድህነትና የሕክምና መራቅ እግሩ ላይ ይቆለፋሉ።

ሕክምናው ሲቀርብስ? በወረዳው ከባድ ሕመም ያለባቸው 300 ሰዎች ለአንድ ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ከአራቱ አንዱ ታስሮ ነበር፤ ጤና ጣቢያ መታከም ከጀመሩ በኋላ ከ10 አንድ ወደሚሆን ወረደ። ማንም ፖሊስ አልላከም፤ ማንም ቤተሰቡን አልሰደበም። የሚያስረው ምክንያት ቀነሰ፤ ሰንሰለቱም ቀነሰ።

> ከአራቱ አንዱ ታስሮ ነበር። ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ከመጣ በኋላ ከ10 አንድ ወደሚሆን ወረደ።

## ሆስፒታል ይሻላል የሚለው እምነት

ቤተሰብ ለሚወደው ሰው ከፍ ያለውን ይመርጣል። ጤና ጣቢያ ለጉንፋን፣ ለከባዱ ሆስፒታል። ይህ ስሜት መልስ ይፈልግ ነበርና በፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን የተመራ ቡድን በጉራጌ ዞን በቀጥታ ፈተነው። 329 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና በሠለጠነ ነርስ፣ ግማሾቹ ቤታቸው አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ በጠቅላላ ባለሙያ እንዲታከሙ ተደረገ። የሕመሙን መጠን የሚለኩት ሰዎች ማን የት እንደሚታከም አያውቁም ነበር። ዓመት ሲሞላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ከሆስፒታሎቹ አልተናነሱም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ።

ይህ ለቡኢ ቤተሰብ ትልቅ ዜና ነው። በየወሩ ቡታጅራ ለመውረድ የሚወጣው የመኪና ገንዘብ፣ ወንድም ከሥራ የሚቀርበት ቀን፣ ሳይመች ሲቀር የሚዘለለው ቀጠሮ፣ ይህ ሁሉ ሊቀር ይችላል ማለት ነው፤ ሕክምናውም አያንስም።

ለአንዳንዶች ግን ጤና ጣቢያ ብቻውን አልበቃም። መድኃኒት ድምፁን ዝም ያሰኛል፤ ዓመታት ጓዳ የቆየን ሰው ግን ገላ መታጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ዶሮ ማርባት፣ ለቅሶ መድረስ አያስጀምርም። ለእነዚህ በሶዶ 48 ቀበሌዎች ሌላ ሙከራ ተደረገ። በግማሾቹ ቀበሌዎች ለሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ደገፉ፤ ጎረቤትን፣ እድርን አነጋገሩ። በሌሎቹ ጤና ጣቢያው ብቻውን ሠራ። ዓመት ሲያልቅ የቤት ለቤት ድጋፍ ያገኙት የዕለት ኑሮን በመወጣት በልጠው ተገኙ። ያንን ሥራ የሠሩት ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች አልነበሩም። ለብዙ ታማሚ ቀጥሎ የሚያስፈልገው እርዳታ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ደጁ የሚመጣው መሆኑ ከዚህ ሁሉ ምርምር የወሰድኩት ትልቁ ነገር ነው።

ሌላም የሚጎድል ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ መሶብ ላይ ነው። መድኃኒቶቹ ያስርባሉ። ፕሮፌሰር ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ ቡታጅራ ላይ ሰዎች ለምን መድኃኒት እንደሚያቋርጡ ሲጠይቁ፣ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ይህ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ ቤት ውስጥ የለም። የታመመው ሰው ሁለት ሰው የሚበላውን ይፈልጋል፤ ቤቱ ደግሞ ለአንዱም አይበቃም። ስለዚህ ክኒኑ ይተዋል። ሐኪም ካርዱ ላይ «መድኃኒት አቋረጠ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ሰው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ምን ይጠቅመዋል? የሚያስፈልገው የሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው፤ ወይም የጤና መድን መዋጮውን የሚከፍልለት፣ የሚበላውን የሚያቀርብለት ሰው ነው።

## ሳይጠበቅ ወደ ላይ

ደጃፍን በቅደም ተከተል ማንኳኳት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ማወቅ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ቢቀባዥር፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ጠበልም ቀጠሮም ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። ከወለደች ቀናት ወይም ሳምንታት ያለፋት ሴት እንቅልፍ አጥታ፣ እየተናገረች፣ ሕፃኑን እየፈራች ወይም ሊጎዳኝ ነው እያለች ከሆነ እንደ አራስ ብርድ አይታይ፤ እሷም ሕፃኑም አደጋ ላይ ናቸው። ለመሞት ያሰበ፣ ገመድ ወይም መርዝ ያዘጋጀ ሰው ብቻውን አይተው፤ የአረም መድኃኒቱ ከቤት ይውጣ፤ ሰው ከአጠገቡ አይለይ፤ በዚያው ሰዓትም ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ምግብና ውኃ ያቆመ፣ አንዴ ወድቆ ሳይነቃ ደግሞ የሚወድቅ፣ ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ አረቄ በድንገት አቋርጦ የሚንቀጠቀጥና የሌለ ነገር የሚያይ፣ እነዚህም ጊዜ አይሰጡም።

በእነዚህ ሁኔታዎች ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን እርዳታ ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ይልካል። ቡኢ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ ቡታጅራ ደግሞ አጠቃላይ ሆስፒታል። ተኝቶ መታከም ለሚያስፈልገው፣ መድኃኒቱ ተቀያይሮም ላልተሻለው፣ ሕመሙ ለተወሳሰበበት ደግሞ አማኑኤል አለ። አማኑኤል ለእነዚህ ነው መኖር ያለበት። ሶዶ ላይ ሊታከም የሚችል ሰው አልጋ ሲይዝ፣ አልጋው በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ኮሪደር ላይ ያድራል።

## የመመለሻው መንገድ

ስለ ሪፈር ስንናገር ሁልጊዜ የምናስበው ወደ ላይ ነው። ታማሚው ሲሻለው ማን ወደ ታች ይመልሰዋል? አማኑኤል ተኝቶ የወጣ የሶዶ ልጅ ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ከረጢትና የአማኑኤል ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። የሚወስደው መድኃኒት ቡኢ የሚገኘው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቡኢ ያለችው ሲስተር ግን ስለ እሱ የሰማችው ነገር የለም፤ ካርድም የለውም። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ወንድሙ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ከመኸር ጋር ይገጥማል። ሦስተኛው ይቀራል። ለመስቀል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ልጁ ታምሟል፤ ምክሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ስለዚህ ከየትኛውም ትልቅ ሆስፒታል የሚወጣ ሰው ቤተሰብ በር ላይ ሆኖ የሚጠይቀው አለ። የሕመሙ ስምና የመድኃኒቱ መጠን የተጻፈበት፣ ለሚኖርበት ወረዳ ጤና ጣቢያ የተላከ ወረቀት ይሰጠን ማለት ነው። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ወረቀቱ ቡኢ ሲደርስ ካርድ ይወጣል፤ ክትትሉ እዚያው ይቀጥላል፤ ወደ አማኑኤል የሚኬደው የቡኢው ባለሙያ ሲልክ ብቻ ይሆናል።

የቡኢ ወገን ደግሞ የራሱ ዕዳ አለበት። በሶዶ የታየውን ሁሉ ከሚያፈርሱት ነገሮች የመጀመሪያው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ከቀበሌው ሁለት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ሰው «ስቶክ አልቋል፣ ሳምንት ተመለስ» ሲባል አንዴ ይታገሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይመለስም። ሁለተኛው የሠለጠነ ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ነው። ሠልጥና፣ ሕሙማኑን አውቃ፣ ታምና የነበረች ነርስ ትሄድና የምትተካት የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ አይታው አታውቅም። ምርምሩ ሲካሄድ እነዚህን የሚከታተል ሰው ነበረ፤ አሁን ኃላፊነቱ የወረዳውና የዞኑ ነው። ነርስ ስትዛወር ተተኪዋ ሥልጠናውን እስክታገኝ ድረስ ታካሚዎቹን ከቡታጅራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር በስልክ የሚያገናኛቸው ሰው መመደብ አለበት። የወር መርፌ ሲያልቅም ለታካሚው በር ላይ ከመነገሩ በፊት፣ ካለበት ቦታ ተፈልጎ እንዲመጣ የሚያደርግ ሰው በጤና ጣቢያው ስሙ ታውቆ መቀመጥ አለበት።